ሳትያዝ የቀረችው አንድ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ገብረኪዳን ወልደሰማያት
የሞርስ ሮድ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የባህል ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የሽማግሎች ጉባኤው አባት፣ ከግንቦት ወር ወዲህ ደግሞ የከዋክብት ተርጓሚ
ኖርዝላንድ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያያያዝኩት አንድ ገጽ ወረቀት በቀይ እርሳስ የታረመ ስለሆነ፣ በመነጽርም ቢሆን አንድም ምልክት ሳያመልጥዎ እንዲያነቡት እመኛለሁና። የባለቤትዎን የእትዬ ዘርፌን ደኅንነት ባለፈው እሑድ እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ ስላገኘኋቸው በዓይኔ አረጋግጫለሁ። እንደ ወትሯቸው ስለ ልጄ ስለ ሩሃማ ሲጠይቁኝ አንገታቸውን ደፍተው ነበርና፣ በቤትዎ ውስጥ ቢያንስ አንድ የሚያፍር ሰው መኖሩን በማወቄ ተጽናንቻለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለብቻዎ ልልክልዎ እችል ነበር። ነገር ግን እርስዎ በልጄ ጋብቻ ላይ የሰጡትን ብያኔ ለሦስት መቶ አሥራ አራቱ የማኅበሩ የቴሌግራም አባላት በቸርነት ስላካፈሉ፣ እኔ ለአንድ ሰው ብቻ ብጽፍ ስስታም እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ፣ ሁለተኛውን ለጠቅላላ ጉባኤው አባላት፣ ሦስተኛውን ደግሞ ሞርስ ሮድ ካለው ሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ «የሚከራይ ክፍል» እና «ሕፃን እጠብቃለሁ» ከሚሉት መካከል በአክብሮት ለጥፌዋለሁ።

ወሬውን ከመካከሉ ለሰሙ ሰዎች ስል ከመጀመሪያው ልነሳ። ሩሃማ እዚሁ ኦሃዮ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት ፋርማሲስት ናት። ለትዳር የጠየቃት ኒኪል ከእርሷ ጋር አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ወላጆቹ ፑኔ ከምትባል የህንድ ከተማ መጥተው ሉዊስ ሴንተር የሚኖሩ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ታላቅ ሰው ሰላም ብሎ የማያውቅ ልጅ ነው። ሩሃማ አባቷ ሽማግሌ ካልተላከበት ልጁን እንደማይሰጥ ስለነገረችው፣ በዚህ አገር አንድም ሐበሻ ዘመድ የሌላቸው የኒኪል አባት ወደ ማኅበራችን ቢሮ መጡና፣ ወጋችንን ስለማያውቁ ስለ እነርሱ ሆነው ሽማግሌ እንዲሆኑላቸው እርስዎን ለመኑ። በአገራቸው ልማድ ለታላቅ ሰው እንደሚደረገውም በትከሻዎ ላይ ሻል ደረቡልዎ፣ በእጅዎ ኮኮናት አስያዙዎ፣ አንድ ካርቶን ጣፋጭ ጨመሩልዎ። እርስዎም ሁሉንም ተቀበሉ። ከሌላው ሽማግሌ ከአቶ አንዋር ጋር ቤቴ መጥተው፣ ወንበር ሲቀርብልዎ ጉዳያችሁ ሳይሰማ እንደማትቀመጡ ተናግረው፣ እንደ ወጉ ቆመው ልጄን ጠየቁኝ። እኔም ከባለቤቴ ከእናናዬ ጋር መክሬ ሰጠሁ። እስከዚህ ድረስ ያደረጉልንን እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናለሁ። ከዚህ በኋላ ያደረጉትንም እስከዚያችው ዕለት አልረሳም።

ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ሎሚውና ስለ ቃሪያው። የኒኪል አባት ወደ ቢሮው የመጡበት አዲስ መኪና ከፊት ለፊቱ አንድ ሎሚና ሰባት አረንጓዴ ቃሪያ በክር ተሰክተው ተንጠልጥለውበት ነበር። ለክፉ ዓይን መከላከያ ነው ይላሉ። እርስዎ ሻሉን ለብሰው እንግዳውን እስከ ፓርኪንግ ከሸኙ በኋላ መኪናውን በስልክዎ አንስተው፣ «ወገኖቼ፣ ልጆቻችንን ለማን እየሰጠን እንደሆነ ተመልከቱ» የሚል ጽሑፍ ጨምረው ለሁላችንም ላኩ። ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። በበኩሌ በቶዮታዎ መስታወት ላይ የተንጠለጠለውን ባለ ቆዳ ክታብ ለማስታወስ እወዳለሁ፤ ከጎንዎ የሚቀመጡት አቶ አንዋር በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግንባራቸውን እየመታቸው ከክሊቭላንድ አቬኑ ሳይደርሱ መቁጠር እንዳቆሙ ነግረውኛል። የልጅ ልጅዎ ሲወለድ እንግዳው ሁሉ «እትፍ እትፍ» ሳይል ወደ አልጋው እንዳይጠጋ በር ላይ ቆመው ይቆጣጠሩ የነበሩትም እርስዎ ነዎት። የህንዶቹ ሎሚ በየቅዳሜው በትኩስ ይተካል። የእርስዎ ክታብ ግን እኔ ካወቅሁት ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም፤ እንደ ሊቀመንበርነትዎ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሙዚቃው። ለሠርጉ መልስ የማኅበሩን አዳራሽ ስጠይቅ፣ በጽሑፍ የሰጡኝ መልስ የህንድ ዘፈን የሚሰማበት ድግስ ባህላችንን ስለሚበርዝ አዳራሹ እንደማይፈቀድ ይገልጻል። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቀንም አለው። የጎደለው ትዝታ ብቻ ነው፤ እርሱን እኔ ልሙላልዎ።

እርስዎና እኔ የናዝሬት ልጆች ነን። እሑድ ከሰዓት በኋላ የህንድ ፊልም ሲታይ ከሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ የሚሰብረው ማን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ቋንቋውን ማናችንም አንሰማም ነበር፤ ነገር ግን በሕፃንነቱ ገበያ ውስጥ የጠፋው ልጅ ጎልምሶ ሲመለስ፣ ዓይነ ስውሯ እናቱ በሚያንጎራጉረው ዜማ አውቃው ፊቱን ስትዳብስ፣ አዳራሹ በሙሉ ይንሰቀሰቅ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መሐረብ ከጎረቤቱ የሚዋሰው እርስዎ ነበሩ። ፀጉርዎን በቅባት ወደ ኋላ ልጠው፣ የሸሚዝዎን ሦስት ቁልፍ ከፍተው፣ አንድ ቃል ሳያውቁ ዜማውን እያንጎራጎሩ በአንድ የተወሰነ መስኮት ሥር የተመላለሱበትን ዓመት እኔ ባልጽፈውም እትዬ ዘርፌ ይመሰክራሉ፤ በመስኮቱ ውስጥ የነበሩት እርሳቸው ናቸውና። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት የተቀረጸው የሠርጋችሁ ቪዲዮም በእጄ አለ። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ከጀርባ የሚሰማው ዘፈን ከየት አገር እንደሆነ የባህል ኮሚቴው ቢያጣራልኝ ደስ ይለኛል። ያን ዕለት ባህላችን የተበረዘ ከሆነ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ በብርዙ የኖሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ጣዕሙን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰባት ቤት ቆጠራ። ግንቦት አሥራ ሰባት ቀን፣ የሠርጉን ዕለት ለመቁረጥ ወደ ሉዊስ ሴንተር ስትሄዱ፣ ህንዶች ሰውን በዘር ከፋፍለው የሚንቁ መሆናቸውን መንገድ ላይ ለአቶ አንዋር በሰፊው አስረዷቸው። ንግግሩ እውነትነት አለው፤ የህንድ ልጆችም ራሳቸው በዚህ ያፍራሉ፣ ይታገሉታልም። ነገር ግን በዚያው መኪና፣ ሳይወርዱ፣ የእናናዬ አያት ሸክላ ሠሪ ነበሩ የሚባለው እውነት መሆኑን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። አዎን፣ ነበሩ። የሠሯቸው እንስራዎች ውኃ አያፈሱም ነበር፤ ስለ ስብሰባ ንግግሮችዎ ይህንኑ ለመመስከር ብችል ደስታውን አልችለውም ነበር።

ከዚያም ቤታቸው ገብተው፣ ሙሽሮቹ በሥጋ እንዳይዛመዱ ለማረጋገጥ፣ ከፑኔ የመጣ ቤተሰብ ሰባት ቤት እንዲቆጥር ጠየቁ። የናዝሬት ልጅ ከፑኔ ልጅ ጋር በየትኛው አያት በኩል ሊዛመድ እንደሚችል ለመገመት ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም። የኒኪል አያት ግን አልተቆጡም። አጂ ነው የሚሏቸው፤ በቋንቋቸው አያት ማለት ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው አሥራ አንድ ትውልድ ቆጠሩልዎ፤ ከዚያም በትሕትና የእርስዎን ጠየቁዎ። አቶ አንዋር እንደሚሉት አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሳልዎ ተነሳ። ሳልዎ እንደተሻለዎ እገምታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ኮከቡ። ከዚህ በፊት የዘረዘርኳቸው ሁሉ ይቅር የሚባሉ ነበሩ፤ ሰው ሲያረጅ ብዙ ነገር ይሆናል ብዬ አልፌያቸው ነበር። ይህኛውን አላልፈውም።

በዚያው ዕለት፣ ሻዩ ቀርቦ፣ የቀን መቁጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ከኪስዎ አንድ ወረቀት አወጡ። የሩሃማን ስም ከእናቷ ስም ጋር፣ የኒኪልንም ስም ከእናቱ ስም ጋር ፊደል በፊደል በቁጥር ለውጠው፣ ደምረው፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው፣ ቀሪው አምስት እንደወጣ ገለጹ። ትርጉሙንም በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ፋየር ኤንድ ዋተር» ብለው ተናገሩ። ኮከባቸው እንደማይገጥም፣ ጋብቻው ቢፈጸም ከሁለት አንዱ ዓመቱን እንደማይጨርስ፣ ይህንንም የሚለው የልጅቱ ወገኖች ጥንታዊ መጽሐፍ ስለሆነ ሊናቅ እንደማይገባው አስረዱ። ከዚያም ወረቀቱን ለማስረጃ ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ሻሉን አስተካክለው ተነሡ። ማታውኑ «የሽማግሎች ጉባኤ ባደረገው ማጣራት» በሚል ርእስ ብያኔው ቴሌግራም ላይ ወጣ።

ልብ ይበሉልኝ፣ የሎሚና የቃሪያውን ፎቶ የላኩት እጆች ናቸው ይህንንም የላኩት።

በልጅነታችን ባየናቸው ፊልሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም ነበር፤ በሠርግ ዋዜማ እየሳቀ የሚገባ፣ የተከበረ ቦታ የሚሰጠው፣ ጆሮ ላይ አንድ ቃል ጥሎ ድንኳኑን የሚያፈርስ አጎት። ሸራው ላይ ሲታይ በአንድነት እናፏጭበት ነበር። እርስዎ ጣትዎን ከተው ስለሚያፏጩ ድምፅዎ ከሁላችንም ይለይ ነበር።

አሁን እርስዎ ያልጠየቁትን ልንገርዎ። አጂ ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ቤተሰቡ ኮከቧን አስቆጥሮ፣ አዋቂው አይሆንም ሲል፣ አጂ በዘመኑ የተማሩ ሴት ስለነበሩ ንቀው ዳሯት። ልጂቱ በተዳረች በስምንተኛ ወሯ ባሏ ሞተባት። በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ወጣት መበለት ምን እንደሚደርስባት ፊልም ያየ ሁሉ ያውቃል፤ እጇ ላይ ያለው አምባር ተሰበረ፣ ቀለም ያለው ልብስ ተከለከለች፣ በሠርግ ቤት ፊቷን የሚያይ ጠፋ። አጂ አርባ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሉ ኖረዋል። ለኒኪልና ለሩሃማ የራሳቸውን አዋቂ ፑኔ ድረስ ደውለው አስጠይቀው፣ ከሠላሳ ስድስት ነጥብ ሃያ ስድስቱን አግኝተው፣ ደስ ብሏቸው ነበር። የእርስዎን ወረቀት ሲሰሙ ግን የሻይ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገቡ። የእኛን መጽሐፍ ከራሳቸው አሳንሰው አላዩትም። ባህላችንን ከእርስዎ ይበልጥ ያከበረው ሰው እንግዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ማን እንደነበር ይፍረዱ።

በማግሥቱ የኒኪል አባት ደወሉልኝ። እናታቸው ካልባረኩ እርሳቸው ልጃቸውን መዳር እንደማይችሉ ነገሩኝ። ልጄ ሩሃማ፣ ደረጃ ሦስት የበረዶ ማስጠንቀቂያ ሲታወጅ እንኳን ከሥራ ቀርታ የማታውቀዋ፣ ሁለት ቀን ታምሜያለሁ ብላ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ሳሎን በር ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ቬሎዋን ይዛ ወደ ቤዝመንት ስትወርድ አየኋት። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ወዴት እንደምሄድ ገብቷት ደረጃው ላይ ቆመችና፣ «አባ፣ ዶንት ፋይት። ፕሊስ።» አለችኝ። ጫማዬን ፈታሁ። እርስዎ ያን ዕለት በሰላም የዋሉት በእርሷ ልመና መሆኑን እንዲያውቁትና እንዲያመሰግኗት እፈልጋለሁ። ጠብ እንዳልፈጥር ቃል ገብቻለሁ፤ እንዳልጽፍ ግን አልተጠየቅሁም።

ይህን ሁሉ ያደረጉት፣ ከሁለት ዓመት በፊት በፋሲካ ማግሥት ስለ ልጅዎ ስለ ኤልናታን ያነሱልኝን ሐሳብ ሩሃማ «ሂ ኢዝ ናይስ፣ ባት ኖ» ብላ ስለመለሰችው ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ሐሜት አልቀበልም። ኤልናታን ራሱ ቴሌግራሙን ባነበበ ማግሥት «አይ አም ሶ ሶሪ፣ ማይ ዳድ ኢዝ አ ሎት» ብሎ፣ አባቴ አይቻልም ማለቱ ነው፣ እንደጻፈላት ግን ሳልጠቅስ ባልፍ ልጁን መበደል ይሆንብኛል። መልካም ልጅ አሳድገዋል፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ሰኔ አንድ ቀን፣ እሑድ፣ ሳይጠሩኝ ወደ ሉዊስ ሴንተር ሄድኩ። አጂን ለማሳመን አልነበረም፤ የሙሽራዋ አባት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይተው እንዲወስኑ ብቻ ነበር። ስለ ናዝሬት ሲኒማ ቤት ነገርኳቸው። ስለ ሒሳብ መምህራችን ስለ ሚስተር ቫርጊስም አነሳሁ፤ ከህንድ ድረስ መጥተው ፊታቸው ላይ የናዝሬት ፀሐይ እየነደደ፣ ሠላሳ አንዳችንን በእንግሊዝኛ ያስተማሩንን ሰው እርስዎም አይረሷቸውም። አጂ ድንገት ቀና ብለው እርሳቸውም ለሠላሳ አራት ዓመት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ እንደነበሩ ነገሩኝ። ከዚያም ያን ወረቀት እንዲያመጡላቸው አዘዙ። ከዚያች ቀን ወዲህ በቤቱ ውስጥ የነካው ሰው አልነበረም፤ ፊደሉ የእኛ ስለሆነ ማንም አላነበበውም፣ እኔም በእልህ ልየው አልጠየቅሁም። ቁጥሮቹ ግን ሁላችንም የምናውቃቸው ቁጥሮች ናቸው።

አጂ መነጽራቸውን አደረጉ። የኒኪልና የእናቱ ስም ድምር መቶ ሰባ ስምንት። የሩሃማና የእናቷ ስም ድምር ሁለት መቶ አርባ አምስት። ከሥሩ በሚያምር የእጅ ጽሕፈትዎ የተጻፈው ጠቅላላ ድምር አራት መቶ አሥራ ሦስት።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። ስምንትና አምስት አሥራ ሦስት ነው፤ ሦስት ይጻፋል፣ አንድ ይያዛል። ሰባትና አራት አሥራ አንድ፣ ከተያዘችው ጋር አሥራ ሁለት ነው። እርስዎ የተያዘችውን አልጨመሩም። አጂ ከወረቀቱ ቀና ብለው፣ «ይህ ሰው ትምህርት ቤት ገብቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ገብቷል፣ እኔው አጠገብ ነበር የሚቀመጠው አልኳቸው። መሳቢያ ከፍተው ቀይ እርሳስ አወጡ። አራት መቶ ሃያ ሦስት በአሥራ ሁለት ሲካፈል ሠላሳ አምስት ጊዜ ደርሶ ቀሪው ሦስት ነው። ሦስት እንጂ አምስት አይደለም። የወረቀቱ ጀርባ ላይ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ የየቀሪውን ትርጉም በእጅዎ ገልብጠዋልና፣ ከሦስት ፊት ለፊት የጻፉትን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። «ይስማማሉ፤ ልጅ ይወልዳሉ፤ አብረው ያረጃሉ» ይላል። የእርስዎ ጽሕፈት ነው።

አጂ አለቀሱ። ከዚያም ዓይናቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ጠርገው፣ እኔ ልቤ ላይ የጻፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፦ «ኮከብ አይሳሳትም፤ ደማሪው ነው የሚሳሳት።» ወንድ ልጃቸውን ጠርተውም የቀን መቁጠሪያውን እንዲያመጣ አዘዙት።

እኔ በአሥራ ሁለቱ ኮከብም ሆነ በሠላሳ ስድስቱ ነጥብ አላምንም። የማምነው በመደመር ነው። በመጋዘን ዕቃ ቆጠራ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁና አንድ ካርቶን ሲጎድል እንቅልፍ አይወስደኝም፤ በዚህ ጉዳይ ግን በኮከቡ ላይ ተናድጄ ድምሩን ሳላይ ሁለት ሳምንት ማሳለፌ የእኔ ጥፋት ስለሆነ እዚሁ አስመዘግባለሁ። የእርስዎም ጥፋት ይመዝገብ። አንዲት ሴት አርባ ዓመት የተሸከመችውን ቁስል የነኩት፣ አንዲትን ልጅ ቬሎዋን ወደ ቤዝመንት ያስወረዱት፣ ክፉ ሰው ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ አንድ ስለማይይዙ ጭምር ነው። ሚስተር ቫርጊስ ጠረጴዛዎን በጠመኔ እያንኳኩ «ዌር ኢዝ ዘ ዋን፣ ገብረኪዳን?» ሲሉዎ ዓመቱ አልቆ ነበር። እነሆ እስከ ዛሬ እየጠየቁዎ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን በትሕትና እለምናለሁ። የታረመውን ወረቀት ብያኔውን በለጠፉበት ቦታ፣ በዚያው ርእስ፣ ከላይ ፒን አድርገው እንዲለጥፉ። ሻሉን አሳጥበው ለኒኪል አባት እንዲመልሱ፤ ለሚያጣምር ሽማግሌ እንጂ ለሚለያይ የተሰጠ አልነበረምና። ሰኔ ሃያ አንድ ቀን በሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤም ከሽማግሎች ጉባኤው በራስዎ ፈቃድ እንዲነሡ። ፈቃድዎ ቢዘገይ ፈቃድ ያላቸው ሃምሳ ሰባት አባላት ስለፈረሙ አይጨነቁ፤ ፊርማዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ሠርጉ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እዚያው ሉዊስ ሴንተር በተከራየነው አዳራሽ ይደረጋል። የህንድ ዘፈን ይኖራል፣ የእኛም ይኖራል። ቬሎው ወደ ሳሎን ተመልሷል። እርስዎ ተጠርተዋል፤ ሳንጠራዎ ቀርተን ቢሆን ኖሮ ቂመኛ ያሰኘን ነበር። የተመደበልዎ ጠረጴዛ የሚወዱት ቁጥር አምስት ሲሆን፣ ከቀኝዎ የሚቀመጡት አጂ ናቸው። እርሳሳቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ረዥም ዕድሜ፣ የሰከነ አእምሮ፣ ቢቻል ደግሞ ጣት ሳይቆጥሩ መደመርን እየተመኘሁ፣ በሽማግሌነትዎ ልጄን ለመዳር፣ በኮከብ ቆጣሪነትዎም ላለመዳር የደከሙትን ድርብ ድካም ዘወትር የማስታውስ፣

አክባሪዎ፣ የአገርዎ ልጅና የክፍል ጓደኛዎ
ምንያህል ደጉ
የሩሃማ አባት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እትዬ ዘርፌ ቤታችን ድረስ መጥተው ነበር። አንገታቸውን አልደፉም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አምስት፣ ከመጋባታችሁ በፊት፣ ኮከባችሁ እንደሚገጥም ለማረጋገጥ እርስዎ በገዛ እጅዎ ያሰሉትን ወረቀት ከሻንጣቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ፤ አጂ እንዲያርሙላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ገና አልደመርኩትም። ስምንትና ሰባት የሚደመሩበት ቦታ ግን አይቻለሁ።